ሰው እያሳቅኩ የታመምኩት ሕመም

ቢስሚላህ ብለናል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፈው የልጅ ልጄ መዲና ናት። ገና ሳልጀምር «እምዬ ቀስ በይ፣ እጄን አደከምሽው» ትለኛለች። ኮሌጅ ድረስ ተምራ ብዕር የሚከብዳት ከሆነ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጆንያ ስጎትት የኖርኩት እኔ ምን ልበል? ጻፊ ልጄ፣ ይሄንንም ጻፊው።

የማስጽፈው ለምን መሰላችሁ፣ ሰው በየጊዜው እየመጣ ጆሮዬ ሥር «እትዬ ሉባባ፣ ያን ጊዜ ያመመዎት ምን ነበር?» ይለኛል። የሚጠይቀኝ ሁሉ ለጎረቤቱ ነው የሚጠይቀው። ለራሱ የሚጠይቅ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። እንግዲህ ለጎረቤቶቻችሁ ስትሉ ስሙኝ።

ትውልዴ ወሎ ነው፤ ኑሮዬ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር። ሥራዬ እህል በረንዳ ጤፍ መሸጥ። ባለቤቴ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው፤ የሱን አልቅሼ ጨርሻለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ወንዱ ልጄ እንድሪስና መዲና ናቸው። የመዲና እናት ሴቷ ልጄ ናት፣ ደሴ ነው ያለችው፤ ልጅቷን ለትምህርት ብላ እኔ ጋ ተወቻት፣ እኔም አሳደግኋት። ስላሳደግኋትም ነው አንቺ የምትለኝ። እንድሪስ እስካሁን አላገባም። ይሄን የምታነብ ሴት ካለች፣ ልጁ መልኩ ደህና ነው፣ ትንሽ ኩርፊያ ብቻ ያበዛል።

እኔ በሰፈሩ የምታወቀው በጨዋታ ነው። የከፋው ሰው «ሉባባ ጋ ሄደን እንሳቅ» ይላል። ለቅሶ ቤት እንኳ በር አጠገብ ነው የሚያስቀምጡኝ፣ ሐዘንተኛውን ያሳቅኩ እንደሆነ ቶሎ እንዲያስወጡኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ አዲሱ ጤፍ በሚገባበት ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አየሁት። እግሬ ሥር ነው ያለው። ግን ራቀብኝ። እሱን ለማድረግ ጎንበስ ማለት ተራራ እንደመውጣት ሆነብኝ። የሚያመኝ ቦታ የለም፤ ራሴን አልፈለጠኝ፣ ሆዴን አልቆረጠኝ። ዝም ብዬ ጫማውን ሳይ ረፈደ። ከዚያ ቀን በኋላ ምግቡ ሁሉ ገለባ ገለባ ይለኝ ጀመር። ሌሊት ደግሞ ከአዛን በፊት እነቃለሁ። ልቤ ድም ድም ይላል፣ በር ላይ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል። ማን ነው? ማንም። አዛኑ ሲሰማ እፎይ እላለሁ፤ የነቃሁት እኔ ብቻ አይደለሁማ።

እንዲህም ሆኜ አፌ አልታመመም። ጎረቤቴ ጋሼ ሸረፋ የስልጤ ሰው ነው፣ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። ጠዋት ጠዋት «እትዬ ሉባባ እንዴት አደሩ?» ሲለኝ፣ «ሞቼ ነበር፣ ቀባሪ ባጣ ጊዜ ተነስቼ መጣሁ» እላለሁ። የበረንዳው ሰው ሁሉ ይስቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እኮ አልደበቅኩም። ገበያ መሃል ቆሜ ስናገረው ነው የሳቁት።

ክብደቴ ሲቀንስ ጊዜ ግን ሰው መድኃኒት ያዝልኝ ጀመር። አንዲት ጎረቤት ኮሶ ነው ብላ ኮሶ አጠጣችኝ፤ የወጣ ኮሶ የለም፣ የወጣችው ልትሞት የደረሰች ነፍሴ ነበረች፣ እሷም ተመለሰች። ሰፈራችን ያለው መርፌ ወጊ ድሬሰር ጨጓራ ነው ብሎ በጠርሙስ ኖራ የመሰለ ፈሳሽ ሰጠኝ። ጠጥቼ ጨረስኩት፤ ግድግዳ ብሆን ኖሮ አምሮብኝ ነበር። ከዚያ የሰው ዓይን ነው ተባለ። ሴቶቹ ተሰብስበው እንደ ወሎ ደንብ ወዳጃ፣ የጋራ ዱዓ አደረጉልኝ፣ ያን ቀን ልቤ ቀለል ብሏት ዋለች፤ በማግስቱ ያው ሆነች። ዱዓውን የመሩት ሼህ ጨዋ ሰው ናቸው። ለብቻዬ ጠሩኝና፣ እኛ ዱዓውን አናቋርጥም፣ አንቺም ሐኪም መፈለግ አታቋርጪ አሉኝ።

እንድሪስ ሬዲዮኑን ሸጦ የታወቀ ክሊኒክ ወሰደኝ። አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። እዚያ የምታውቁትን አይነት ሰው ነው ያለው፤ አንዱ የራሱን በሽታ ትቶ የሌላውን ይጠይቃል፣ አንዷ ልጇን ታባብላለች። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ ጢሙ እንኳ ገና አልወሰነም። ምን ያስቸግርዎታል አለኝ። «ልጄ፣ ነፍሴ ጓዟን ጠቅልላ በር ላይ ተቀምጣለች፣ የሚወስዳት መኪና ነው የዘገየው» አልኩት። ሳቀ። ደረቴ ላይ ያደረገውን ማዳመጫ እስኪያወልቅ ድረስ ሳቀ። ልቤን አዳመጠ፣ ደሜን አስመረመረ፣ ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ከዚያ «እማማ፣ እርስዎ ከኔ ይበልጣሉ፣ እንዲሁ እንደሳቁ ይኑሩ» ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። ከዚያ ስወጣ የሚያመኝ ቦታ አገኘሁ፤ የተወጋሁበት መቀመጫዬ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ኩርፊያ ገባ። እንድሪስ ያስቀየመኝ መሰለው። አንድ ቀን ምሳ ላይ እህሉን ገፋ አድርጎ «እማዬ፣ ምን በደልኩሽ? ንገሪኝና ልወቀው» አለኝ። ምን ልበለው? የሞተብኝ የለም፣ የተሰረቅኩት የለም፣ ያስቀየመኝ የለም። ምክንያት ቢኖረው ኖሮ ምክንያቱን አቅፌ አለቅስ ነበር። ሳልመልስለት ስቀር ኩርፊያው ባሰበት፣ ወሎ ዘመድ ጋ ሄጄ አየር እንድለውጥ ይጎተጉተኝ ጀመር።

አሁን መዲና ብዕሩን አቆመችው፣ ይሄ አይጻፍ ትላለች። ጻፊው። መሞት ፈለግኩ። እኛ ዘንድ ሐራም ነው፣ አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው የፈራሁት። ሰው አውሬ ፈርቶ ከቤቱ ይገባል። ራሱን የፈራ የት ይገባል?

እንዲህ ባለሁበት አንድ እሁድ ከሰዓት መዲና ሲኒማ ካልወሰድኩሽ አለችኝ። ሲኒማ ራስ ግድግዳ ላይ የተሳለ ትልቅ ሥዕል አይታ ነው። አንዲት ቀይ ልጅ ደብተር አቅፋ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። የሚያስቅ ፊልም ነው ብላ ፈረደች። እኔ እግሬ እምቢ እያለኝ፣ ልጅቷ እንዳይከፋት ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ ሄድኩ። በሩ ላይ ትኬት ቆራጩን፣ የተኛ ሰው ግማሽ ይከፍላል ወይ አልኩት። እሱም ሳቀ።

ፊልሙ የፈረንጅ ነው። መዲና ጆሮዬ ሥር ሆና የሚሉትን ትነግረኛለች። ልጅቷ ከእናቷ ቤት ወጥታ ኮሌጅ ትገባለች፣ ጓደኛ ታፈራለች፣ ትጨፍራለች። ፊት የተቀመጡት ጎረምሶች ያፏጫሉ። እኔ ግማሽ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን አየችው። ዝም ብላ አየችው።

የመዲናን ክንድ ያዝኩት። አጥብቄ ነው የያዝኩት፤ ሲበልዝ ነው ያወቅኩት።

አንዱ ጎረምሳ «እመቤት፣ ረፈደብሽ፣ አድርጊው እንጂ» ብሎ ጮኸ፣ አዳራሹ ሳቀ። ልጅቷ ግን አላደረገችውም። ጓደኞቿ ሲመጡ ተነስታ ትቀልዳለች፣ ታስቃቸዋለች፤ በሩ ሲዘጋ ፊቷ እርጥብ ጨርቅ ከገመድ ላይ እንደሚወድቅ ወደቀ። እናቷ መጥታ ማን በደለሽ ትላታለች። ማንም አልበደለኝም ትላለች። ድብድብ የጠበቀው ሰው እያጉረመረመ መውጣት ጀመረ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቅሳለሁ። እኔ ኮሌጅ የማውቀው መዲናን በር ድረስ ስሸኝ ብቻ ነው፤ የልጅቷን ቋንቋ አላውቅም፣ አገሯንም አላውቅም። ያን ጫማ ግን አውቀዋለሁ። ኋላ ላይ አስተማሪዋ ሐኪም ጋ ወሰደቻት። የምን ሐኪም ነው ብዬ ጠየቅኩ። መዲና ትንሽ አሰበችና «የሐሳብ» አለችኝ። ለሐሳብ ሐኪም እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይናችንን ወጋን። መንገዱ ዳር ቆምኩ።

«መዲና፣ ያ የልጅቷ በሽታ እኔም አለኝ» አልኳት።

ፈገግ ልትል ጀመረች፤ ቀልዱ እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው። ከዚያ ፊቴን አየችው። «እምዬ፣ የምርሽን ነው?»

«እስካሁንም የምሬን ነበር» አልኳት።

ምሰሶ ተደግፋ አለቀሰች። እኔ ደግሞ በምን እንደማስረዳት ሳስብ ሥራችን ትዝ አለኝ። እህል በረንዳ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ሲፈታ ከላይ ያለው ጤፍ ነጭ ነው፣ የተነፋ ነው፤ ገዢ ወዶ ይዘግናል። ልምድ ያለው ገዢ ግን አፉን አያይም። ጫፉ የሾለ የብረት ቧንቧ አለው፣ የጆንያውን ሆድ ወግቶ ከመሃል ያለውን ያወጣል። አፈሩ፣ እንክርዳዱ ያለው እዚያ ነው። ሁላችሁም እስካሁን አፌን ነው ያያችሁት አልኳት። ገባት።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ መዲና የሐሳብ ሐኪም ጋ እንውሰዳት ስትለው እንድሪስ እሳት ሆነ። እናቴን እብድ ቤት አልወስድም አለ። ከእብድ ሴትዮ ጤፍ የሚገዛ ማን ነው፣ ሰፈሩስ ምን ይላል፣ መዲናንስ ማን ያገባታል፣ ያልደረደረው የለም። መዲናም መለሰችለት፣ እሱም ጮኸ። ጋሼ ሸረፋ ከሱቁ ሆኖ ይሰማ ኖሯል። መጣና ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ጋሼ ሸረፋ ብዙ አይናገርም፣ ሲናገርም እንደ ሚዛን ድንጋይ አንድ አንድ እያለ ነው የሚያስቀምጠው።

«እንድሪስ፣ አመመኝ የምትል እናት አለችህ፣ ወይ ደግሞ የሌለች እናት። ሰፈሩ የትኛዋን ቢያወራልህ ይሻልሃል?»

በማግስቱ ጠዋት እንድሪስ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መጣና እንሂድ አለኝ።

የአእምሮ ሐኪም ቤቱን ተራ መጠበቂያ ብታዩት ኖሮ። የሚጮህ የለም፣ የሚያብድ የለም። ያለው ጋቢ ብቻ ነው። ሁሉም ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀምጧል፣ ገና ስንገባ ሁሉም ሌላ ዞረ። እንድሪስ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ከጎኑ ያለው ጋቢ ተነቃነቀ። እንድሪስ ጫማውን አይቶ ሰውየውን አወቀው፤ የእህል በረንዳ ደላላ ነው፣ በየቀኑ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ደላላው ከጋቢው ውስጥ «ለጤፍ ነው የመጣኸው?» አለው።

«አዎ» አለ እንድሪስ።

«እኔም» አለ ደላላው።

እኔ አጠገብ አንዲት የማላውቃት ሴት ነበረች፣ በቃል አልተነጋገርንም። ብርቱካን ልጣ ግማሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም። ከዚያ በፊት ብዙ ቀን የበላሁት ነገር አልጣመኝም ነበር፤ ያ ብርቱካንም ብዙ አልጣመኝም፣ ግን ጨረስኩት።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ ሽማግሌ፣ መነጽሩ ወፍራም። አማርኛ አያውቅም፤ የሚያስተረጉመው አንድ ድሬሰር ነው፣ የኛው ልጅ፣ ሳቂታ። እንድሪስ ከኋላዬ ቆመ።

እንቅልፍ እንዴት ነው ብሎ አስጠየቀኝ። እንቅልፍማ እኔን ፈትቶ ጎረቤት አግብቷል አልኩ። ድሬሰሩ ሳቀ፣ ከዚያ ተረጎመ። ፈረንጁ አልሳቀም። ጻፈ። ምግብስ አለኝ። ምግቡ ሞልቷል፣ የሚበላው ሰው ነው የጠፋው አልኩ። ድሬሰሩ ሳቀ፣ ተረጎመ። ፈረንጁ ጻፈ። እኔ ደግሞ ሰው አልስቅ ሲለኝ እልህ ይይዘኛል። ምን ይመኛሉ ቢለኝ ጊዜ ጥሩውን አወጣሁለት። «እድሩ ድንኳኑን ለሌላ ሰው ሳይሰጠው ቶሎ ብገላገል ነው፤ በኋላ ዝናብ ይመታኛል» አልኩት።

ድሬሰሩ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ዓይኑን ጠረገ። ፈረንጁ ምን አለች በሚል ዓይነት ተመለከተው። ልጁ ሊተረጉም አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ዞሮ አየኝ፤ ከገባሁ ጀምሮ ገና ያየኝ ያን ጊዜ ነው። በፈረንጅ አፍ ዝቅ ብሎ አጭር ነገር ተናገረ። ኋላ ላይ ምን አልከው ብዬ ጠይቄዋለሁ። «መሞት እፈልጋለሁ ይላሉ አልኩት፣ ሌላ የምለው ጠፋኝ» ነው ያለኝ። ጨዋታዬ ያን ቋንቋ አያውቀውም። ማዶ የደረሰው እውነቱ ብቻ ነው።

ፈረንጁ ብዕሩን አስቀመጠ። ወንበሩን ጎትቶ ጉልበቴ አጠገብ መጣ። ድሬሰሩ ድምፁ ተቀይሮ «ከመቼ ጀምሮ ነው ይሉዎታል» አለኝ።

አለቀስኩ። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ከኋላዬ የእንድሪስ ጋቢ ሲወድቅ ሰማሁ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሬን ያዘኝ።

ሐኪሙ ያስረዳን እንዲህ ነው። በሽታው ድብርት ይባላል። እኔ ድብርት የምለው ዝናብ ሲበዛ የሚመጣውን ነበር፤ ይሄኛው ግን ሲሰነብት አካልን የሚያደክም፣ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፣ በመጨረሻም የነፍስን ጣዕም የሚወስድ ሕመም ነው። እብደት አይደለም፣ ስንፍና አይደለም፣ ከሰው ተጣልቶ ማኩረፍም አይደለም። አንዳንዱን ሐዘን ያመጣበታል፣ አንዳንዱን ያለ ምንም ምክንያት ይይዘዋል፤ ሀብታም፣ ድሃ፣ የተማረ፣ ያልተማረ አይልም። ኪኒን ሰጠኝ፣ ኪኒኑን እንድሪስ እንዲይዘው አዘዘ፣ ብቻዬን እንዳልተው አዘዘ፣ በየሳምንቱ መጥቼ እንዳወራው አዘዘ። ያን ቀን ማታ እንድሪስ ሳይነግረኝ በሬ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተኛ። ማንኮራፋቱ የአባቱን ይመስላል። ቢሆንም በሩ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ካወቅኩ ጀምሮ ፍርሃቱ ቀለለኝ።

ኪኒኑን የምትውጡ ካላችሁ እውነቱን ልንገራችሁ። አፍ ያደርቃል፣ ዱቄት የቃመ ሰው ነው የምትመስሉት። ሆድም ያደርቃል፤ የዚህን ዝርዝር መዲና አልጽፍም ብላለች። ቶሎ ደግሞ አይሠራም። እንደ አስፕሪን መስሎኝ በሦስተኛው ቀን የለም፣ ይሄ ሰውዬ አታለለኝ ብዬ ልወረውረው ነበር፣ መዲና እጄን ይዛ አስዋጠችኝ። ውጡት። ቀን አትቁጠሩ፣ ውጡት። ዱዓችሁን፣ ጸሎታችሁንም አትተዉ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ቤተሰብ የሆናችሁ ደግሞ ምን በደልንሽ እያላችሁ ሰውየውን አታስጨንቁት፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ብርቱካን ላጡለት። የሚያስቃችሁ ሰው ካላችሁም፣ ስቃችሁ ስትጨርሱ እንቅልፍ እንዴት ነው በሉት። ሳቁን አልከለከልኳችሁም፤ ያለሱ በምን እንኖራለን።

ሐኪሙ ግማሽ ቀን ሱቅ ይዋሉ ብሎኝ ነበር። እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ጋሼ ሸረፋ ገዢ ሲመጣ ይመዝንልኛል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ፈርቶኛል፤ ማንም አይቀልድብኝም፣ ማንም አያስቀይመኝም፣ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ያልፈኛል። ለሐኪሙ ደስታ እስካሁን አልመጣም ብዬ ነገርኩት። ደስታ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ ከሱ በፊት የሚመጣ አለ፣ ይጠብቁ አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናብ ጥሎ ነበር። አንድ ኩሊ ከጭነት መኪና የወረደ እርጥብ የባቄላ ጆንያ ተሸክሞ መጣና፣ ማስቀመጫ ሲያጣ፣ የኔ ነጭ ጤፍ ላይ ገጭ አደረገው። ደረቅ፣ ገና የተነፋ ጤፌ ላይ። ውኃው ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። ሳላውቀው ቆሜያለሁ። ከዘር ማንዘሩ ጀምሬ እስከ ባቄላው ባለቤት ድረስ አወረድኩበት፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ በረንዳው ከዳር እስከ ዳር ጸጥ እስኪል ድረስ። ብዙ ወራት ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ የኔው ነው። ስጨርስ ርቦኛል። ተናድጃለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ለካ ከደስታ በፊት የሚመጣው ንዴት ነው።

ጋሼ ሸረፋ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። ኩሊው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ።

«እትዬ ሉባባ፣ ዳኑ እንዴ?» አለኝ ጋሼ ሸረፋ።

«ገና ነኝ» አልኩትና ወደ ኩሊው ዞርኩ። «ጆንያውን አንሳ።»